የኤይኖ ባዶ ወራት

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ዝናብ። ሰባተኛ ክፍሎች ዛሬ ክንፍ መለካት ተማሩ። ለትምህርቱ ብዬ ፍሪዘር ውስጥ ያቆየኋት የሞተች ወፍ ስትቀልጥ ክፍሉን አገማችው። ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፈተ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ በሩን መልሶ ዘጋ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። የኔ አፍንጫ ከለመደ ቆይቷል...

ከሰዓት ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኤይኖ ብቅ አለ። የባሕሩን ሰሜን ዳርቻ ተራምዶ ሲጨርስ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ቡትሱ ላይ ያለውን አሸዋ ሁሉ ወለሌ ላይ እያራገፈ። በጋዜጣ የጠቀለለውን የተጨሰ የሳልሞን ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ስንት አገኘህ?»

«ምንም።»

«እሰይ።»

ይኸው ነው ወሬያችን። ሦስት ዓመት ሆነን እንዲህ ማውራት ከጀመርን። ተቀመጥ ብለው አይቀመጥም። ሰባ ስድስት ሞልቶት እንኳ ቆሞ ነው የሚያወራው፣ አሁንም ጀልባ ላይ ያለ ይመስል።

ከነገ ወዲያ አዲሷ ተመራማሪ ትመጣለች። ክፍሉን ማናፈስ አለብኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ምን ብዬ ልጀምር...

የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ስብሰባችን። አስራ አራት ሰው በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ። ሎሬታ ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዶናት ማምጣት መደበኛ ሥራዋ ሆኗል። ሁላችንም ሥራችን አንድ ነው። በየወሩ እያንዳንዳችን አንድ ማይል ዳርቻ እንራመዳለን፣ ባሕሩ የተፋቸውን የሞቱ ወፎች እንቆጥራለን፣ ክንፍና መንቁር እንለካለን፣ ሁለተኛ እንዳይቆጠሩ ክር እናስርባቸዋለን። ቅጹ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። እዚያ ደርሶ ምን እንደሚሆን የነገረን የለም። የቀድሞው ፕሮፌሰር በዓመት አንዴ የምስጋና ካርድ ይልክ ነበር፣ አበቃ።

ዶክተር ማሪሶል ግን ራሷ ሦስት ሰዓት ነድታ መጣች። ሠላሳ አራት ቢሆናት ነው። «እስከ ዛሬ እናንተ ትልኩ ነበር፣ እኛ እንወስድ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አብረን እናያለን፤ እናንተም ጠይቁኝ፣ እኔም ልማርባችሁ» አለች። ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ንግግር ነው!

ከዚያ ሰሌዳ ላይ የየዳርቻውን ውጤት አሳየች። ሌላው ሁሉ አጫጭር እንጨት፣ የኤይኖ ብቻ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሯል።

«አቶ ፔልቶላ፣ የእርስዎ ዳርቻ ከሁሉም የከፋ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ በአማካይ አምስት የሞተ ወፍ። ጎረቤትዎ ዳርቻ ላይ ሁለት እንኳ አይሞላ። እዚያ ምን የሚገድላቸው ይመስልዎታል?»

ኤይኖ ጢሙን አሻሸ። «እኔ እንጃ። ብዙ ጊዜ እንኳ ምንም የለም።»

«እንዴት የለም? አርባ አንዱም ቅጽ ላይ ወፍ አለ።»

«ወፍ ያለበትን ነዋ የላክሁት።»

«የሌለበትንስ?»

«የሌለበት ምኑ ይላካል? ልጄ፣ አርባ ዓመት ዓሣ አጥምጃለሁ። ባዶ ጀልባ ሚዛን ላይ አይወጣም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ነው የሄዱት?»

«በየወሩ። አስራ አንድ ዓመት።»

አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ወር። አርባ አንድ ቅጽ። ሒሳቡን ሁላችንም በሆዳችን ሠራነው።

«ይቅርታ» አለች፣ ድምጿም እውነት ይቅርታ የሚል ነበር። «ይህን ዳርቻ ከቆጠራው ማውጣት ሊኖርብኝ ነው።»

«አስራ አንዱንም ዓመት?» አለች ሎሬታ።

«ባዶዎቹን ካላወቅሁ ሙሉዎቹ ይዋሹኛል።»

ኤይኖ ተነሣ። መለኪያውና ክሩ ያለበትን ቦርሳ ከትከሻው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ያኖረውም እንቁላል እንደሚያኖር ሰው ነው። «እንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ወጣ። ሎሬታ ከኋላው «ኤይኖ! አረ ዶናቱ!» አለች።

እኔስ? እኔ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ።

ቤት ስገባ ኮት ሳላወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ኤይኖ ወደኛ የመጣው የዩኒቨርሲቲው ሥልጠና ካለፈ በኋላ ነበር። መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በጭነት መኪናው ኮፋኖ ላይ፣ በሃያ ደቂቃ ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ። ራሴ የጻፍኩትን መመሪያም ሰጠሁት። ፈልጌ አገኘሁት። ሦስተኛው መስመር፦ «ወፍ ባገኛችሁ ቁጥር ይህን ቅጽ ሙሉ።»

ባገኛችሁ ቁጥር።

አርብ፣ ኦክቶበር 3

መመሪያውን ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው። በሌሊት አልታረመም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ማሪሶል ደወለች። «አቶ ፔልቶላን ማን እንዳሰለጠናቸው ታውቂያለሽ? ስህተቱ ከየት እንደመጣ ባውቅ...»

«ላጣራና እነግርሻለሁ» አልኳት።

ላጣራ! ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆችን «ስህተት አያሳፍርም፣ መደበቁ ነው የሚያሳፍረው» ስል የኖርኩ ሴትዮ። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ እኮ፣ በቀለም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሎሬታን ዳቦ መደርደሪያው ጋ አገኘኋት። ኤይኖን ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ያየው የለም። ወደቡም ላይ የለም። ትናንት በሩን አንኳኩታ «ደህና ነኝ» አላት፣ ሳይከፍት።

«ቨርና፣ አይሊ ከሞተች ወዲህ ያን ሰው ከቤት የሚያወጣው እኮ ይሄ ዳርቻ ብቻ ነው» አለችኝ።

እኔ አጣሁት? ሚስቱን አይሊን ቀብረን በአምስተኛው ቀን፣ በዚያ ነፋስ፣ ሰሜን ዳርቻ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲለካ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ከመኪናዬ አልወረድኩም። ብቻውን ይሁን ብዬ ነው... ወይስ የምለው ጠፍቶኝ?

ቅዳሜ ሄጄ እነግረዋለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ፣ ማፈግፈግ የለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሄድኩ።

እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁት። ለሦስት ክረምት የሚበቃ ቆልሏል። ማዕድ ቤት አስገባኝ፣ ያን ሬንጅ የመሰለ ቡናውን ከማሽኑ ቀዳልኝ። አልጠጣሁትም። መመሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁለት።

«ሦስተኛውን መስመር አንብበው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም። አንተ ያልኩህን ነው ያደረግኸው።»

አላነበበውም። መሳቢያ ከፈተና ሌላ ወረቀት አውጥቶ ከኔው ጎን አስቀመጠ። ያው መመሪያ። አይሊ ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ አስለብሳዋለች። ጠርዙ አስራ አንድ ዓመት ኪስ ውስጥ ታሽቶ ክብ ሆኗል።

«አውቃለሁ» አለ። «ሐሙስ ዕለትም ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አውጥተህ አላሳየሃቸውም?»

«ምን ብዬ? አስተማሪን በገዛ ክፍሏ ላዋርድ?»

እዚያ ላይ አለቀስኩ። እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ሰባተኛ ክፍል፣ ከነንፍጤ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው። ኤይኖ የሰሃን ፎጣ ወረወረልኝ።

«በይ ወለሉ ላይ አታንጠባጥቢ። ወልውዬ መጨረሴ ነው።»

አፍንጫዬን ስጠርግ ነው ካላንደሩን ያየሁት። ከፍሪጁ ጎን፣ ሚስማር ላይ፣ የጀልባ ዕቃ መሸጫው በነጻ የሚያድለው ዓይነት። ኦክቶበር 2022 ላይ ቆሟል። አይሊ የሞተችበት ወር። በየሳጥኑ በእርሳስ፣ በዚያ በደቃቅ ጽሕፈቷ ሞልታዋለች፦ «ድንች»፣ «ሐኪም 10፡00»፣ «ነፋስ»። የሦስተኛው ቀን ሳጥን ውስጥ፦

«ኤ. ዳርቻ። ምንም። እርጥብ ካልሲ።»

«ኤይኖ... ይሄን ሁልጊዜ ትጽፍ ነበር?»

«ሁሉን ነገር ትጽፍ ነበር። ካልሲዬን ሳይቀር።»

«የሌሎቹ ዓመታት ካላንደሮችስ?»

ፊቱ ተዘጋ። ኩባያዬን አነሣ፣ አልጠጣሁትም እኮ፣ ገንዳው ውስጥ ደፋው። «አልነካሁትም፣ አልነካውም። አንቺም ተይው።»

ተውኩት። በር ላይ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና «መንገዱ ያንሸራትታል» አለ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ለማሪሶል ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መመሪያውን፣ ሃያ ደቂቃዋን፣ «ላጣራ» ያልኩት ውሸት መሆኑን።

«እኔ» አለች፣ «የመጀመሪያ ዓመቴ የአንድ ሙሉ በጋ ናሙና ቀን ሳልጽፍበት አስቀምጬ ሁሉም ተጣለ። ለፕሮፌሰሬ ፍሪጁ ተበላሸ አልኩት። እስከ ዛሬ ያመንኩት ለአንቺ ብቻ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስለ ካላንደሩ ስነግራት ደግሞ ልጅ ሆነች። «ስንት ናቸው? በየወሩ ነው? ቀኑ አለው?» ከዚያ ቀዝቀዝ አለች። «ግን... ጸሐፊዋ ሥልጠና አልወሰደችም። ካልሰለጠነ ሰው መረጃ አንቀበልም። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን የጻፈው የሰለጠነ ሰው ነው? እኔንም አሰልጥነውኝ ነበር፣ አየሽው አይደል ጉዴን» አልኳት። ትንሽ ጮኽኩባት። ይሁን። ብትሰማኝ ይሻላል።

ለማንኛውም ካላንደሮቹ የኤይኖ ናቸው። እሱ አልነካም ካለ አይነካም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ከኤይኖ ምንም የለም። የኦክቶበር ጉዞ ጊዜው እያለቀ ነው። ልሂድለት? አይ... የሰው ዳርቻ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ቆሜ ተናገርኩ። አስራ ሦስት ሰው ፊት፣ መመሪያውን ሰሌዳ ላይ አሳይቼ። «ኤይኖ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ» አልኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ሎሬታ ምን አለች? «እኔም ወፉ በጣም ሲገማ ክንፉን ሳልለካ በዓይኔ እገምታለሁ።» ማሪሶል ዓይኗን ጨፈነች። አንዱ ደግሞ «ውሻዬ ሁለቱን በልቶብኛል፣ አልጻፍኩም» አለ። ሌላዋ ተከተለች። ሃያ ደቂቃ ኑዛዜ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ አይደረግ! ማሪሶል መጀመሪያ ጭንቅላቷን ያዘች፣ ከዚያ መጻፍ ጀመረች፣ ከዚያ «ይሄን ሁሉ ለምን ጠይቆ የሚያውቅ የለም?» አለች። ማን ይጠይቀን ነበር?

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ኤይኖ። የዓሣ ሣጥን ታቅፎ፣ ላዩን በዝናብ ልብሱ ሸፍኖ፣ ራሱ በስብሶ። ሣጥኑን ማሪሶል ፊት አኖረው።

«ዘጠኝ ካላንደር ናቸው» አለ። «እንዳታረጥቢያቸው።»

«አቶ ፔልቶላ፣ እርስዎ...»

«እርስዎ እርስዎ አትበይኝ፣ የመቶ ዓመት ሽማግሌ አደረግሽኝ። ኤይኖ በይኝ።»

ሎሬታ ዶናት ሰጠችው። ተቀብሎ በላ፣ ቆሞ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። ሕጉን በተመለከተ ማሪሶል ቃል አልገባችም። «መጀመሪያ እንፈትሸው» ነው ያለችው። ቅጽ በተላከባቸው ወራት አይሊ የጻፈችውና ቅጹ ከተስማሙ፣ ባዶዎቹንም ልናምናት እንችላለን። ካልተስማሙ ግን አይሆንም። ኤይኖ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን ሳየው ግን ፈራሁ። ሴትዮዋን ከሞተች በኋላ ፈተና ልናስቀምጣት ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር። እኔ፣ ማሪሶል፣ ኤይኖ፣ ሎሬታ፣ ከልጆቼም አምስቱ ወላጆቻቸው ይዘዋቸው መጡ። ሎሬታ ከካላንደሩ ታነባለች፣ ልጆቹ ቅጹን ያገላብጣሉ፣ ማሪሶል ትመዘግባለች። ኤይኖ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጪ ያያል።

ሎሬታ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ፖስታ ሳታነብ ስላሳለፈች መሰለኝ፣ ድምጿ ከሁላችን በላይ ይርበተበት ነበር።

«ማርች 8። ኤ. ዳርቻ። ምንም። ቆንጆ ጸሐይ።»

«አፕሪል 12። ምንም። ተናዶ ተመለሰ፣ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ሜይ 3። አራት። ሦስቱ መር፣ አንዱ ያልታወቀ። እራት አልበላም።»

ልጆቹ የሜይን ቅጽ አወጡ። አራት። ሦስቱ መር የሚባሉት ጥቁርና ነጭ የባሕር ወፎች፣ አንዱ ያልታወቀ። ቀኑም ያው። አንዷ ልጅ እጇን ወደ ላይ ወረወረች፣ ኳስ ያገባች መሰላት።

መጀመሪያ «ምንም» ሲባል ልጆቹ ይስቁ ነበር። ሃያኛው አካባቢ ሳቁ ቆመ። አርባኛው ላይ ሁሉም ጎንበስ ብለው ነበር የሚሰሙት። አይሊ አንድም ጊዜ ምንም ብላ ብቻ አላቆመችም። «ምንም። ሾርባ ጠጣ።» «ምንም። ሳል አለበት፣ የለብኝም ይላል።» «ምንም። አብረን ሄድን። እጄን ያዘኝ፣ ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ነው አለ።»

ኤይኖ ጀርባውን እንደሰጠን «ያዳልጥ ነበር እኮ» አለ።

ሠላሳ ቅጽ ከሷ ዘመን ነበረ። ሃያ ዘጠኙ በትክክል ተስማማ። አንዱ ላይ ቀኑ በአንድ ተለያየ። ማሪሶል ቀና ከማለቷ ኤይኖ «እሷ ናት ትክክል» አለ።

ከዚያ ሎሬታ ገጽ ገለበጠች፣ ከፍ አድርጋም አነበበች፦ «ጃንዋሪ 17። ኤ. ወገቡን ታሞ ተኝቷል። እኔ ሄድኩ። ሦስት መር።»

ሎሬታ አፏን በእጇ ያዘች። ከአፏ ወጥቷል እንግዲህ። የጃንዋሪው ቅጽ ልጆቹ እጅ ላይ ነበር። የቆጣሪ ስም፦ ኤይኖ ፔልቶላ። ጽሕፈቱ ግን ያ ደቃቁ።

ኤይኖ ዞረ። ጆሮው ቀልቷል።

«አራት ጊዜ ነው» አለ። «ካላንደሩን ስትገልጡት እንደምታገኙት አውቄያለሁ። ሕጉንም አውቃለሁ። ያልሰለጠነ አይቆጥርም። እሷ ግን፣ ወሩ ባዶውን አይለፍ ብላ፣ ያንን ሁሉ ነፋስ... ማን ያስቆማታል? ስሜን ጻፊ አልኳት። የሷ ከሚወድቅ ብዬ።»

ሣጥኑን ያልነካው ለዚህም ነበር እንግዲህ። በሷ ሐዘን ብቻ አይደለም። ከፈትነው ማለት ውሸቱን ከፈትነው ማለት ነው፣ አውቆም ነው ተሸክሞ የመጣው።

ማሪሶል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን አስተማራት መለካት?»

«እኔ። ማዕድ ቤት። በዶሮ ክንፍ።»

አራቱን ቅጾች ከልጆቹ ተቀበለች። አንድ በአንድ አየች። ከሌሎቹ የኤይኖ ቅጾች ጎን ደረደረቻቸው። እንደገና አየች።

«ኤይኖ፣ አንተ የምትለካው በሴንቲ ነው» አለች። «እሷ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ጽፋለች።»

«ያው እሷ እንዲያ ናት» አለ ኤይኖ። ከዚያ ተቀመጠ። በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ደርሶ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ። አምስቱ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ወደኔ አዩ። አንዷ ተነሥታ የወረቀት መሃረብ ሳይሆን ከቁርሳችን የቀረውን የሄል ዳቦ ከነሳህኑ አምጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ከሁላችን የተሻለ ነገር አደረገች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ክፍል ውስጥ ሥራ ሰጥቼ ቁጭ ባልኩበት ገባኝ። ሒሳቡ።

አይሊ ስትሞት ካላንደሩም ቆመ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ወር። ቅጽ ያለው አስራ አንድ ብቻ። ሃያ አራት ባዶ ጉዞ፣ የትም ያልተጻፈ።

ያልተጻፈ፣ ግን የተነገረ። ሦስት ዓመት በየወሩ እዚህ ጠረጴዛ ፊት መጥቶ «ምንም» ይለኝ አልነበር? ቤት ውስጥ የሚነግራት ስላጣ ለኔ ነበር የሚነግረኝ። እኔ «እሰይ» ብዬ ሳልሞኑን እቀበላለሁ። አንድ እስክሪብቶ አላነሣሁም... አስተማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ እጄ ላይ እስክሪብቶ አለ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ማሪሶል መልስ ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ጋ ሦስት ሳምንት ስትሟገት ከርማለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ስምንቱ ዓመታት ተቀባይነት አገኙ። ሠላሳ ቅጽ፣ ስልሳ ሰባት ባዶ። ሰሜን ዳርቻ ሲሰላ ያን ያህል ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ከጎረቤቱ ጋር ተስተካከለ። የስልክ እንጨቱ የአጥር እንጨት ሆነ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ግን ወጡ። «ሞከርኩ» አለችው። «ማስረጃ የለኝም።»

«ልክ ነሽ» አለ ኤይኖ። «የጻፈ የለም።»

ወደኔ አላየም። ባያይም ተሰማኝ። ስንወጣ መኪናው ጋ ተከትዬው ስለ ሳልሞኑ፣ ስለ «እሰይ» ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። «ቨርና፣ የሚሰማኝ ሰው ነበር የፈለግሁት፣ ጸሐፊ አይደለም» አለ። ምናልባት እንዳላዝን ብሎ ነው። ምናልባት እውነቱን ነው። ሁለቱም ይሆናል።

መመሪያውን እንደገና እንዲጽፉ ለኤይኖና ለልጆቹ ሰጠሁ። እኔ ነጥብ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። የመጀመሪያው መስመር፦ «ሄዳችሁ? ቅጹን ሙሉ። አበቃ።» «አበቃ» የሚለውን ኤይኖ ነው ያስገባው። ልሰርዘው ብል ልጆቹ ተነሡብኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

ሦስት አዲስ በጎ ፈቃደኞች። ኤይኖ አሰለጠናቸው፣ ማዕበሉ ሲሸሽ፣ ዳርቻው ላይ። ማሪሶልም ቡትስ ተጫምታ ከኋላ እየተከተለች ትጽፋለች፤ ነፋሱ አሸዋውን ከየት ወዴት እንደሚያነሣ፣ ወፎቹ የት ጥግ እንደሚቀበሩ እየጠየቀችው። «ይሄ ከየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም» ትላለች። እሱ «ጀልባ ላይ ነው የሚገኘው» ይላታል። ሁለቱ ከተገናኙ አያቆሙም።

አንደኛው አዲስ ሰው ሙሉ ማይሉን ተራምዶ ምንም ስላላገኘ አዘነ። ኤይኖ ቅጹን ዘረጋለት። «ይሄን ጻፍ። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ሦስት ዓመት ከሰርኩ።»

ስብሰባውም ተለውጧል። አሁን ስንጀምር እያንዳንዳችን የወሩን ጥፋት እንናገራለን። ማሪሶልም ጭምር። የዚህ ወር የሷ፦ የሰው ስም ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። የኔ፦ ብዙ ነው። ሎሬታ አሁንም በዓይኗ እንደምትገምት ተናዘዘች። አትታረምም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 7

የዓመቱ ሪፖርት ትናንት በፖስታ ደረሰኝ። ገጽ አስራ ሁለትን ሳየው ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ።

ኤይኖ ደጃፉ ላይ ነበር፣ መረብ ሲጠግን። ገጹን ገልጬ ሰጠሁት። ያዘው፣ ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው፣ መለሰልኝ።

«መነጽሬን የት እንደጣልኩት እንጃ። አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። «ሰሜን ዳርቻ። ጉዞ፣ ዘጠና ሰባት። ከዚህ ውስጥ ምንም ያልተገኘበት፣ ስልሳ ሰባት። ቆጣሪዎች፦ ኤይኖ ፔልቶላ፣ አይሊ ፔልቶላ።»

መረቡን አስቀመጠ። ባሕሩ ወዳለበት አየ።

«መጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«ቆጣሪዎች፦ ኤይኖ ፔልቶላ፣ አይሊ ፔልቶላ።»

«አንዴ ደግሞ።»

መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ደግሜ አነበብኩለት።